የግጥምጥም ከረጢት

ባለፈው ሰሞን ለዘመድ ሠርግ ጅማ ሄጄ፣ ከሄርማታ ገበያ ወረድ ብለው ካሉት የእንጨት ሥራ ሱቆች አንዱ ደጃፍ ላይ እግሬ ቆመ። አንድ ልጅ እግር አናጢ በአሮጌ ጣሳ ኮላ ያፈላል። ጅማ ሲባል ለሰው ሁሉ የሚሸተው ቡና ነው፤ ለእኔ ግን የፈላ ኮላ ነው። ያ ከበድ ያለ፣ ቆዳ ቆዳ የሚል ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ሲገባ ዘጠኝ ዓመቴ ሆነ፤ ከዘጠኝ ዓመቴም ጋር ያ የድሮ ቅናቴ ተከትሎ መጣ።

"ማዘር፣ ምን ልታዘዝ? በርጩማ ነው?" አለኝ አናጢው።

"ምንም አልፈልግም፣ ትንሽ ልቁም።"

ግራ ገብቶት ኮላውን ማማሰል ቀጠለ። እኔም ቆሜ ዘሃራ ከጅማ ወጣ ብላ ካለችው ከየቡ ወደ ቤታችን የመጣችበትን ዓመት ሳስብ ቆየሁ።

አባዬ አናጢ ነበር። ደበላ ይባላል፤ ከአምቦ በኩል ለሥራ መጥቶ ጅማ የቀረ ሰው ነው። የሚሠራበት ክፍል ከመኖሪያችን ጋር በአንድ ግድግዳ ስለሚገናኝ ጠጉራችንም፣ አልጋችንም፣ አንዳንዴ ወጣችንም ሰጋቱራ አያጣም ነበር። ከበርና ከቁም ሣጥን የተረፈ የዋንዛ ቁራጭ መጣል አይሆንለትም። የልጅ መዳፍ በሚያክል አራት ማዕዘን ይቆርጠውና፣ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሶ፣ ደንበኞች ለመስኮታቸው ካስገዙት ቀለም በተረፈው ይቀባዋል። ቀዩ ቡና ነው፣ አረንጓዴው ግጦሽ፣ ሰማያዊው ወንዝ። አንዱ ቁራጭ ላይ ሁለት ቀለም፣ ሌላው ላይ ሦስቱም ይኖራሉ፤ ቀለሙ ሁልጊዜ እስከ ጠርዙ ይደርሳል። ሁሉም ከጆንያ በተሰፋች ከረጢት ውስጥ ይቀመጣሉ። ጨዋታውን ግጥምጥም እንለው ነበር። ከየት እንዳመጣው ስጠይቀው "ክረምት ላይ ሥራ ሲጠፋ ነው የመጣልኝ" ብሎኛል።

አጨዋወቱ ቀላል ነው፤ ቀላል የሚመስለው ግን እስኪያናድድ ድረስ ብቻ ነው። ሳታይ እጅህን ከረጢቱ ውስጥ ትከትና አንድ ቁራጭ ታወጣለህ። ያወጣኸውን ወለሉ ላይ ካለው ጋር ጠርዝ ለጠርዝ ታገጥመዋለህ፤ ቀይ ከቀይ፣ ወንዝ ከወንዝ። ካልገጠመ እስኪገጥም ታዞረዋለህ። ከዚያ ከፈለግህ አሁን ባስቀመጥከው ቁራጭ አንዱ ቀለም ላይ የራስህን ምልክት ታኖራለህ። ያ ቀለም ግን ከሌላ ሰው ምልክት ጋር የተያያዘ መሆን የለበትም፤ ሰው የያዘው መሬት ላይ ዘው ብሎ መግባት የለም። ቀለሙ ዙሪያውን ሲዘጋ ባለቤቱ በቁራጮቹ ልክ ነጥብ ያገኛል፣ አባዬም በአናጢ እርሳሱ ጣውላ ላይ ይጭርለታል። ተለያይተው የተያዙ ሁለት መሬቶች በኋላ በአንድ ቁራጭ ከተገናኙ ደግሞ ብዙ ምልክት ያለው ሁሉንም ይወስዳል። እኩል ከሆኑ ሁለቱም ሙሉ ሙሉውን ያገኛሉ። ይኼ የመጨረሻው ሕግ ለእኔ በጭራሽ አይዋጥልኝም ነበር። አንድ መሬት ለሁለት ሰው እንዴት ሙሉ ይሆናል?

ምልክታችን የየራሳችን ነው። የአባዬ የጎበጠ ምስማር ነው። ማታ ማታ ሱቁን ዘግቶ የሚመጣው ጎረቤታችን አባ ፊጣ ጨርቅ ነጋዴ ስለሆነ የሸሚዝ ቁልፍ ያመጣል። የእኔ ጀንፈል ነበር፣ ከነገለባው የደረቀ ጥቁር ቡና።

የሚጀምረው ደግሞ አንጋፋ ነው። የቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ከረጢቱን ይዞ የመጀመሪያውን ቁራጭ ያስቀምጣል፣ ሌሎቹ በእሱ ላይ ይቀጥላሉ። አንጋፋ እኔ ነበርኩ። ከአባዬ በቀር ከረጢቷን ማንም አይነካብኝም፤ ትራሴ ሥር አድርጌያት የምተኛበት ቀንም ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። እኔ ለዚያ ቤት ጉዲፈቻ ነኝ። ምሥጢር አልነበረም፤ እማዬ ራሷ ጠጉሬን ስትሠራኝ እንደ ተረት ትነግረኝ ነበር። እሷ ልጅ ሳታገኝ ስትቆይ፣ ወላጆቼ የሞቱብኝን እኔን አምጥተው፣ አባዬ በሽማግሌዎች ፊት "ልጄ ናት፣ አንጋፋዬ ናት" ብሎ ማለ። ከዚያ በኋላ ቤቱ የሚወለድ ቢወለድ እንኳ ከእኔ በታች ነው። ማንም ስላልተወለደ አንጋፋነቴ ለከረጢቷ ካልሆነ ለምንም አላገለገለኝም፤ ለእኔ ግን ይበቃኝ ነበር።

ዘሃራ የመጣችው ቡናው መቅላት ሲጀምር ነው። አባዬ ከእማዬ በፊት የቡ ሄዶ ለአንድ ቡና ባለቤት ቤት ሲሠራ እዚያው አግብቶ ነበር። ሁለቱም ወገን ሳይወድ ተጋቡ፣ ሁለቱም ወገን ደስ እያለው ተለያዩ። ዘሃራ በእናቷ ዘመዶች እጅ እስላም ሆና አደገች። ትምህርት ቤት ትግባ ተብሎ ስትላክልን ከእኔ በሁለት ክረምት ትበልጣለች፣ በቁመት ደግሞ አንድ ራስ። እጇ ላይ አንዲት ጣሳ ነበረች፤ ውስጧ ከእናቷ ጓሮ የተለቀመ ቀይ እሸት ቡና።

አባ ፊጣ ገና በር ላይ ሲያያት ቆመ።

"ማሻአላህ! ቁርጥ ደበላን! ጣቶቿን እዩልኝ እስቲ።"

ሁላችንም ጣቶቿን አየን። ረጃጅም ናቸው፣ አውራ ጣቷም ወደ ኋላ ይታጠፋል፣ ልክ እንደ አባዬ። እኔም የራሴን ጣቶች ከቀሚሴ በታች ደብቄ አየኋቸው። አጫጭር ናቸው። ያን ቀን የገባብኝ ቅናት እስከ ገና በዓል አልለቀቀኝም።

ምን ያላስቀናኝ ነገር አለ? የመጀመሪያው ድስቷ ነው። ዘሃራ በመጣች በሳምንቱ እማዬ ትንሽ አዲስ ድስት ገዝታ በራሷ ምስማር ላይ ሰቀለችላት። እኔ በዚያ ቤት ለብቻዬ የተባለ ዕቃ ኖሮኝ አያውቅም። ከሄርማታ እስላም ልኳንዳ ሥጋ እየተገዛ በዚያች ድስት ይሠራላታል። አንድ ቀን አላስችል ሲለኝ ጠየቅኋት።

"እማዬ፣ ለእኔስ የራሴ ድስት የለኝም?"

"አንቺ የክርስቲያን ሥጋ ትበያለሽ፣ እሷ የእስላም። ፈጣሪ የለየውን እኔ ልደባልቀው?"

ነገሩን ያስረዳችኝ መስሏት ነበር። እኔ ግን የገባኝ ፈጣሪ ራሱ የዘሃራን ድስት ለይቶ ያውቃታል የሚለው ነው። ባሰብኝ።

ትምህርት ቤት አንደኛ ክፍል ገባች። ጠዋት ለሰንደቅ ዓላማ ስንሰለፍ ከነዚያ ድንክዬዎች መሀል ብቻዋን ረዝማ ስትቆም እኔ ከሦስተኛ ክፍል ሰልፍ ሆኜ አንገቴን እያሰገግሁ አያታለሁ፣ ደስም ይለኛል። ደስታዬ ግን አልቆየም። የጃንሆይ ፎቶ በተሰቀለበት ክፍል ውስጥ ያለው ዴስክ ጉልበቷን አላስገባ ስላላት አባዬ ከፍ ያለ አግዳሚ ሠርቶ በጫንቃው ተሸክሞ ወሰደላት። ለእኔ አግዳሚ ሠርቶልኝ አያውቅም። ጉልበቴ ስለሚገባ ነዋ! ያን ሰሞን ጉልበቴን ጠላሁት።

ግጥምጥምን የተማረችው በአንድ ምሽት ነው። አባዬ ቁራጮቹን እየዘረጋ አስረዳት፣ እሷም አንዴም "ማሊፍ? ለምን?" ሳትል አዳመጠች። ምልክት ምረጪ ሲላት ጣሳዋን ከፍታ ቀይ ቡናዋን አወጣች።

"አባ፣ የመጀመሪያው ቁራጭ ላይ ፍሬ አይቀመጥም?" አለችው።

"አይቀመጥም። እሱ የማንም አይደለም፤ ሰው ሁሉ የሚቀጥልበት ነው።"

"እንግዲያ የሚጀምረው ምን ያገኛል?"

"ምንም" አለ አባዬ እየሳቀ። "ይጀምራል፣ በቃ።"

ይህን ጥያቄ እኔ በዚያን ያህል ዓመት ጠይቄው አላውቅም ነበር፤ አሁን እሷ ስለጠየቀችው ተናደድኩ። እያንዳንዱን ቁራጭ ከማስቀመጧ በፊት "ቢስሚላህ" ትላለች፣ ቁራጩም ወዲያው ይገጥምላታል። በሦስተኛው ማታ እኔም ቀስ ብዬ "ቢስሚላህ" ማለት ጀመርኩ። እማዬ ሰምታ በቁንጥጫ አነሳችኝ፤ አባ ፊጣ ደግሞ እስኪያስለው ሳቀ።

ከዚያ በኋላ እያሸነፈች መሄድ ሆነ ሥራዋ። የሷ ቀያይ ፍሬዎች ወለሉ ላይ ከሩቅ ይታያሉ፣ የእኔ ጥቋቁር ጀንፈሎች የተረሱ ይመስላሉ። አንድ ቅዳሜ ሦስት ጊዜ አከታትላ ስታሸንፍ አባ ፊጣ ቁልፎቹን እየሰበሰበ አባዬን ቀና ብሎ አየው።

"ደበላ፣ አንጋፋዋ እኮ መጣች። በዕድሜም እሷ ናት፣ በደምም እሷ ናት። ከረጢቷ ለባለቤቷ ትግባ እንጂ፣ ወላሂ።"

አባዬ እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቶ ተነሳ። ዝምታውን እንዴት እንደተረጎምኩት ምን ይጠየቃል። ከዚያ ቀን በኋላ እሱ ከረጢቷን ባየ ቁጥር ወሰዳት እላለሁ። ዛሬ ነው፣ ነገ ነው እያልኩ ነበር የምውለው። ከረጢቷ ከሄደች መሐላው ሄደ፣ መሐላው ከሄደ ደግሞ እኔ በዚያ ቤት ምንድን ነኝ? ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ከንፈሬን ጥዬ አኮረፍኩ፣ እማዬም የሆድ ትል ነው ብላ ኮሶ ልታጠጣኝ ነበር።

ዘሃራ ፍሬዎቿን መስኮቱ ላይ በትንሽ ሰፌድ አስጥታ ጠዋት ጠዋት በጣቷ ታገላብጣቸዋለች። የየቡ ልጅ ስለሆነች እጇ ያውቅበታል፤ እንዳይሻግት፣ አንዱ ጎን ብቻ እንዳይደርቅ። እኔም እያለፍኩ እያገደምኩ አያቸው ነበር። መጀመሪያ መጨማደድ ጀመሩ። ቀጥሎ ወይን ጠጅ ሆኑ፣ ከዚያ ቡናማ። ቅላታቸው ሲጠፋ እንዴት ደስ እንዳለኝ! አበቃላት አልኩ። ቡና ሲደርቅ ጀንፈል እንደሚሆን የማያውቅ የጅማ ልጅ የለም፤ እኔም አውቃለሁ። የዘሃራ ቡና ግን የእኔን ይሆናል ብዬ አስቤ አላውቅም።

የገና ዋዜማ ገና ሳይጨልም አባዬ ሥራውን ዘጋ። ሰጋቱራውን ጠራርገን ወለሉ ላይ ተቀመጥን፣ እሱ፣ አባ ፊጣ፣ ዘሃራና እኔ። እማዬ ለበዓሉ ሽንኩርት ትከትፋለች። አባዬ ከረጢቷን ከመደርደሪያው አነሳና፣ እንደ ሌላው ቀን ሁሉ፣ ጭኔ ላይ አኖራት።

"ደበላ" አለ አባ ፊጣ። "አሁንም?"

"አባ ፊጣ፣ ይህቺ ሕፃን ሆና ወደዚህ ቤት ስትመጣ ከምስክሮቼ አንዱ እርስዎ አልነበሩም?"

"ነበርኩ።"

"አንጋፋዬ ናት ብዬ አልማልኩም?"

"ምለሃል፣ አልዋሽም።"

"ታዲያ መሐላ በመላጊያ ተልጎ ይነሳል?"

አባ ፊጣ "ቶሌ፣ ቶሌ፣ ይሁን" ብሎ እጁን አነሳ። እኔ ያን ጊዜ የተሰማኝን ደስታ ጣሪያው አይችለውም ነበር። ድርሻዬን ሙሉ በሙሉ ልውሰድ ብዬ ዘሃራን አየኋት። እሷ ግን አንገቷን ደፍታ ፍሬዎቿን ታያለች።

ጀመርኩ። ጨዋታው ያን ቀን ቀይ በቀይ ሆነ። ሦስት ቦታ ተለያይቶ የተጀመረ ቡና እየሰፋ፣ እየሰፋ ሄዶ አባዬ ራሱ ባወጣው አንድ ቁራጭ ተገናኘና ዙሪያውን ተዘጋ። በግጥምጥም ዘመናችን እንዲህ ያለ ትልቅ መሬት አይተን አናውቅም። ላዩ ላይ ሦስት ፍሬዎች አሉ። ሁለት ፍሬ ያለው ሁሉንም ይወስዳል።

"የእኔ ነው" አልኩ።

"የእኔ ነው" አለች ዘሃራ።

ያን ጊዜ ሁላችንም ጎንበስ ብለን አየን። ሦስቱም ጥቁር ናቸው፣ ሦስቱም የተጨማደዱ። ዘሃራ ሁለቱ የሷ እንደሆኑ እርግጠኛ ናት፣ እኔም ሁለቱ የእኔ እንደሆኑ እርግጠኛ ነኝ፤ እስከ ዛሬም እርግጠኛ ነኝ። አባዬ አንዱን አንስቶ ወደ ብርሃኑ አዞረው። አባ ፊጣ ተቀብሎ አሸተተው፣ ቀጥሎ በጥርሱ ሊሞክረው ሲል እማዬ "ኧረ ይተዉት" አለችው።

"ያው ቡና ነው" አለ አባዬ በመጨረሻ። "መለየት ካልተቻለ እኩል ናችሁ። ሁለታችሁም ሙሉውን ውሰዱ።"

"አልፈልግም!" አልኩ። "አንጋፋ እኔ ነኝ። አሁን አላልክም? አንጋፋው ይውሰድ።"

እንዲህ የሚል ሕግ የለም። ይህን ሁሉም ያውቃል። አባዬ ሊቆጣኝ አፉን ሲከፍት ዘሃራ ቀደመችው። ድምፅዋ ከፍ አላለም።

"አንቺማ ተምሎልሻል።" ከዚያ ወደ እሱ ዞረች። "አባ፣ እኔ ስወለድ ለእኔ ማን ማለ?"

"ለወለዱት ልጅ አይማልም፣ ኢንታላ ኮ፣ ልጄ። አንቺ ያለ መሐላም ልጄ ነሽ።"

"እንግዲያ ማን ያውቃል?" አለችው። "የሷን አባ ፊጣ ያውቃል፣ ሽማግሌዎቹ ያውቃሉ። የእኔን ማን ያውቃል?"

የእማዬ ቢላ ሽንኩርቱ ላይ ቆመ። አባ ፊጣ ቁልፎቹን መቁጠር ጀመረ። አባዬ እነዚያን ረጃጅም ጣቶቹን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ተመለከታቸው። ማንም ነጥብ ሳይጽፍ ቁራጮቹን ሰበሰብን።

እሷም ትቀናለች ብዬ ጠርጥሬ አላውቅም ነበር። ድስት ያላት፣ አግዳሚ ያላት፣ ጣት ያላት ልጅ በምን ትቀናለች? በእኔ! አሳዘነችኝ ማለት እወድ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ግን ያን ማታ እየተገላበጥኩ ያሰብኩት እንዲህ ያለ ጥያቄ እኔ ብጠይቅ ኖሮ እያልኩ ነው።

ገና ባለፈ በመጀመሪያው እሑድ አባዬ ሰው ያልሰማውን ነገር አደረገ። ሽማግሌዎች ጠራ። አባ ፊጣ ከጓደኞቹ ጋር፣ በእኛም በኩል ከቤተ ክርስቲያን ሁለት ሽማግሌዎች መጡ። የአባዬ የሥራ ክፍል ውስጥ እርጥብ ሳር ተጎዝጉዞ፣ መላጊያውና መጋዙ ወደ ጥግ ተገፍተው ነበር።

"ሰው የገዛ ልጁን ጉዲፈቻ ያደርጋል?" አለ አባ ፊጣ እየገባ። "ሰባ ዓመት ኖሬ፣ ወላሂ፣ አይቼ አላውቅም።" እየሳቀ ነው፤ ብብቱ ሥር ግን ከሱቁ ያመጣት አበባ ያለባት ሻሽ አለች። ሻሿ ለማን እንደሆነች ሳይነገረኝ ገባኝ።

አባዬ ቆመ። ቀኑን ሙሉ ከመጋዝ ጋር እየተፎካከረ ስለሚያወራ ድምፁ ዝግ ማለት አያውቅበትም። መንገድ ላይ የሚያልፍ ሰው ሁሉ እየቆመ በበሩ ያይ ነበር።

"ዘሃራ ልጄ ናት! ወልጃታለሁ፣ ዛሬ ደግሞ እምልላታለሁ። የሌንሴ ታናሽ ናት፣ ሌንሴ አንጋፋዋ ናት!"

ሌንሴ እኔ ነኝ። ዘሃራ በአንድ ራስ እንደምትበልጠኝ የሚያይ ሁሉ ሳቀ፣ ሽማግሌዎቹም ጭምር። ከዚያ ግን መረቁ፤ አንዱ ወገን አሜን ሲል ሌላውም አሜን ይላል። አባዬ ቅቤ አናቷ ላይ አደረገላት። ቅቤው ቀልጦ በግንባሯ ሲወርድ አልጠረገችውም። ዓይኖቿን ከፍታ አንድ በአንድ ሁሉንም ሰው ታያለች፤ ማን ማን እንደሰማ እየያዘች ይመስለኛል። ስታበቃ ወደ እኔ መጥታ "እትዬ ሌንሴ" አለችኝ፤ ልታበሽቀኝ ይሁን ከልቧ እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

እኔስ? ከረጢቷ የእኔ እንደሆነች ቀርታለች፣ አንጋፋነቴ መንገደኛ ሳይቀር ሰምቶታል። ግን እሷ የተማለላትን በዓይኗ አይታለች፣ በጆሮዋ ሰምታለች። የእኔ መቼ ነበር? ምን ይመስል ነበር? ሻሽ የሰጠኝ ሰው ነበር? እየሮጥኩ ወደ ጓሮ ወጣሁ። እማዬ ያቺን ትንሽ ድስት እያጠበች ነበር።

"እማዬ፣ የእኔ ጊዜ እንዴት ነበር?"

"ምኑ?"

"አባዬ ሲምልልኝ።"

"አንቺማ ተኝተሽ ነበር።"

ልሄድ ዞርኩ። እማዬ ድስቷን ደፍታ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ሳቅ አለች።

"ገና በስንት ልመና እኔ ደረት ላይ እንቅልፍ ወስዶሽ ነበር። እንዳትነቂበት ብሎ በሹክሹክታ ነው የማለው። 'ደበላ፣ አልሰማንም፣ ጮክ በል' ቢሉት እምቢ አለ። አባ ፊጣ ጆሮውን አፉ ላይ ለጥፎ ነው የሰማው።"

ይህን ሰምቼ አልቆምኩም። ዘሃራ ቅቤዋን እንደተቀባች፣ ሻሿን ጭኗ ላይ ዘርግታ መደቡ ላይ ተቀምጣለች።

"ለአንቺ እየጮኸ ነው የማለው" አልኳት። "ለእኔ ግን በሹክሹክታ ነው። እንዳልነቃ ብሎ።"

መጀመሪያ ቀና ብላ አየችኝ። ቀጥሎ ግንባሯ ተኮማተረ፣ የታችኛው ከንፈሯ ወደ ፊት ወጣ፣ ሻሿንም ጨብጣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ከመጣችበት ቀን ጀምሮ ያያት ሁሉ ቁርጥ አባቷን ይላት ነበር። ያን ቀን ግን ቁርጥ እኔን ነበረች።